የተራ ሰው ተራ

በቺሌ ሰሜን፣ በኤልኪ ሸለቆ፣
ውሃ በሰዓት ነው የሚከፋፈለው፤
የቦዩን መዝጊያ አንድ ሰው ጠብቆ፣
ተራው ለደረሰ ነው የሚከፍትለው።

ዶን አቡንዲዮ ነበር የውሃው ዳኛ በዘመኑ፤
ቁልፉን ከወገቡ በጠፍር አንጠልጥሎ፣
ሲነጋም ሲመሽም ሳይዛነፍ ቀኑ፣
ቦይ ለቦይ ይዞራል አካፋውን አዝሎ።

መቶ ሄክታር ወይን ያለው ጌታ ቢቆጣ፣
ሽንኩርት የተከለች መበለት ብትመጣ፣
ቃሉ አንድ ነበረ፦
«ተራህ ደርሶ ሳለ ያልወሰድከው ውሃ
የታችኛው ሰው ነው፤ አይፈስም በረሃ።»

ልጁ ኤድቪናም ቦይ ጠባቂ ሆነች፤
የእርሷ ግን አይረጥብም፣ ሌላ ውሃ አገኘች።
ላ ሴሬና ከተማ፣ መስኮት በሌለበት፣
ጥቁር ቁምሳጥኖች በተደረደሩበት፣
ሌት ተቀን እንደ ንብ በሚያጉረመርም ቤት፣
የምትከፍት የምትዘጋው የስሌት ሰዓት።

ማሽኑ የሕዝብ ነው። ብረቱ፣ መብራቱ፣
ከዳቦ ቀረጥ ነው፣ ከአውቶቡስ ትኬቱ።
ስድስት ተቋም ግን ዙሪያውን ተኮልኩሎ፣
«ቅድሚያ ለእኔ» ይላል፣ ምክንያት ቆልሎ።
አንዱ ኮከብ ቆጣሪ (ጠንቋይ እንዳይመስላችሁ፣
መነጽሩ ቤት የሚያህል ዶክተር ነው)፣
አንዱ ሰርዲን ቆጣሪ፣ አንዱ በረዶ መዛኝ፣
አንዱ ለምድር ጉርምርምታ ጆሮ የሚሰጥ ነው።

ማክሰኞ ጉባኤው ተቀመጠ ደግሞ።
ዶክተር ኦስቫልዶ ከሳንቲያጎ መጥተው፣
«ግማሹ የእኛ ነው» አሉ ከሁሉ ቀድሞ፣
«ግማሹን ከፍለናል!» ጠረጴዛ መትተው።

ከበሩ አጠገብ፣ ከኦቫዬ የመጡ
ሁለት መምህራን ወንበር ጫፍ ተቀመጡ፤
የመዳብ አቧራ ሳንባ ውስጥ ሲከትም
ሊያሰሉ ነው ሐሳብ፤ አርባ ሰዓት፣ ሌላ አይደለም።
ሁለት ዓመት ሙሉ «ነጥብ ጎደለ» ተብለው፣
ዘንድሮም መጥተዋል፣ ያንኑ ቅጽ ሞልተው።

ኤድቪና ቃል ሳትተነፍስ መዝገቧን ዘረጋች፤
ለዶክተሩ ተይዞ ማንም ያልነካው
ዘጠኝ መቶ ሰዓት፣ መብራት እየበላ ባዶውን የሞቀ።
«ይህ ያልተጠጣ ውሃ የማን ነው?» አለች።
ዝም ተባለ። ማራገቢያዋ ብቻ አጉረመረመች።

አንቀጽ አሥራ አንድ እዚያው ተጻፈ፦
«በአሥራ አራት ቀን ያልተነካ ሰዓት
ወደ ወረፋው ይመለስ፣ የባለቤቱ ቀን ካለፈ።»
ጠበቃው «ይህ ተረት ነው እንጂ ሕግ የለበት»
ብሎ ተከራከረ። አራት ለሁለት፣ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ግጥሜ ያምር ነበር።
ግን አንቀጽ አሥራ ሁለት አለ፦ «ምድር ስትሸበር
የማዕበል ስሌት ሁሉን ያስቆማል፣ ሳያንኳኳ በር።»

ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ምድር ተንቀጠቀጠች።
ሊሳንድሮ የሚባል ተማሪ፣ የተራራ በረዶ መቅለጥ የሚያሰላ፣
ሥራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሮጦ
ሦስት ሰዓት ቀርቶታል።
በየመሀሉ አላስቀመጠውም፤ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል።
ኤድቪና ታውቀዋለች፤
ከእናቱ ጓሮ ኮክ አድርቆ ያመጣላታል።
ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች።
ተጫነች።

የማዕበሉ ስሌት አለቀ፤ ሕዝቡ ኮረብታ ወጣ፤
ማዕበሉም ደረሰ። ቁመቱ
እስከ ጉልበት።

«ለዚህ ነው?» ያሉ አልጠፉም።
ማዕበል ግን ቁመቱን ቀድሞ ቅጽ ላይ አይሞላም።

ጠዋት ለሊሳንድሮ ደብዳቤ ጀመረች፤
የደንቡን ሃያ ስምንት ገጽ ገልጣ ፈተሸች፤
«ይቅርታ» የሚል አንቀጽ አንድም አላገኘች።

እርሱ ራሱ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ኮኩን በወረቀት ጠቅልሎ።
«ስንተኛ ነኝ?» አላት።
ሰሌዳውን አየች። ስሙን ወደ ላይ መግፋት ትችላለች፤
ቁልፉ በእጇ ነው።
ዶን አቡንዲዮ የገዛ ሚስቱን ቲማቲም አድርቆ ያውቃል፤
ተራዋ አልነበረም።
«ዘጠነኛ» አለችው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
ከፊቱ ስምንት አሉ፤ ስምንተኞቹ
እነዚያ የኦቫዬ መምህራን ናቸው።
ተራ ሰው ነው፤ ተራ ይጠብቃል።
ኮኩን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጣት፤
ደርቆ ነበር፣
ሲያኝኩት ብዙ ቆዩ።